የዲማዎቹ ፍሎፒዎች

ሥራነሽ ፈንታ ሱቋ ለሚመጣ ሰው ሁሉ የምትነግረው አንድ ነገር አላት። «ኮምፒውተር ስለጠየቀ ብቻ እሺ አይባልም» ትላለች። ነገሩ ቀላል ይመስላል። እሷ ግን ያቺን «እሺ» የምትል ቁልፍ ተጭነው የዓመት ልፋታቸውን በገዛ እጃቸው ያጠፉ ሰዎችን ስታጽናና ነው የኖረችው።

ሱቋ ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወደ አብማ ማርያም በሚወስደው መንገድ ዳር ናት። ፎቶ ኮፒ ታነሳለች፣ ማመልከቻ ትጽፋለች፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ትጠርዛለች። ይህን የሚሠራ በከተማው ሞልቷል። እሷን ከሌላው የሚለያት ከጠረጴዛው ጀርባ ጨርቅ ለብሰው የተቀመጡት አሮጌ ኮምፒውተሮች ናቸው። ጢስ እንደጠጣ ቅል ወይበዋል። ሲነሡ እንደ ወፍጮ ያጓራሉ። ግን ፍሎፒ፣ ያን ድሮ ጽሑፍ ይቀመጥበት የነበረውን ጠፍጣፋ ዲስክ፣ ያነባሉ። ዛሬ በደብረ ማርቆስ አንድ የፍርድ ቤት ጡረተኛ ወይም አንድ የቀድሞ የእርሻ ባለሙያ ከሣጥኑ ሥር ፍሎፒ አግኝቶ «ይህን ማን ይከፍትልኛል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መንገድ የሚያሳየው ሰው ሁሉ የሚጠቁመው ወደ እሷ ነው።

ባሏ ውበቱ አናጺ ነው። የሱቁን መደርደሪያ የሠራው እሱ ነው፤ ስለዚህም ስለ ቦታው አስተያየት የመስጠት መብት አለኝ ይላል።

«እነዚህን ሣጥኖች ብታወጪያቸው እኮ ሌላ ፎቶ ኮፒ ማሽን ይገባ ነበር» ይላታል አልፎ አልፎ።

«ሰው መምጣቱን ሲተው አወጣቸዋለሁ» ትላለች።

«ሰው እኮ አይተውም።»

«እንግዲያ አይወጡም።»

ሥራነሽ ሮብ ገበያ ነው የተወለደችው፤ ከጮቄ ተራራ ሥር፣ ገብስና ድንች ከሚያበቅሉ ሰዎች ቤት። ትምህርቷን ልትጨርስ ማርቆስ ወረደች፣ ታይፕ ተማረች፣ አንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ተቀጠረች። ጣቷ ፈጣን ነበር። ያን ጊዜ ለመሥሪያ ቤቱ የመጀመሪያው ኮምፒውተር መጣ። አለቃው የማስነሻ ቁልፉን በኪሳቸው ይዘው፣ ማሽኑን የጠረጴዛ ልብስ አልብሰው፣ ሰው እንዳይነካው አዘዙ። ጸሐፊዎቹም ላለመንካት የሚያስገድዳቸው አላስፈለገም፤ ቢበላሽ ከደመወዛችን ይቆረጣል ብለው ይፈሩት ነበር። ሥራነሽም ትፈራ ነበር። ግን አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ፍሎፒ መጣ፤ ውስጡ መመሪያ አለበት ተባለ፤ ሲከቱት አልከፈት አለ። «ተበላሽቷል» ተብሎ ቅርጫት ውስጥ ተጣለ። እሷ ከቅርጫቱ አነሣችው።

«የላኩት ሰዎች ጋ ይከፈታል፤ እኛ ጋ አይከፈትም። ታዲያ ፍሎፒው ነው የተበላሸው ወይስ እኛ?» ብላ አለቃዋን ጠየቀቻቸው።

አለቃው ደግ ሰው ነበሩ። አሰቡና ቁልፉን ሰጧት።

የኮምፒውተር ትምህርት ቤት አልገባችም። ትምህርቷ ብልሽት ነበር። ፍሎፒ ተከቶ ማሽኑ «ይህ ፎርማት አልተደረገም፤ ላድርገው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሰው ሁሉ ማሽኑ የሚለውን ያምናል። ፎርማት ማድረግ ማለት ደግሞ የተዘራውን ማሳ እንደ አዲስ ማረስ ነው፤ የነበረው ቡቃያ ይገለበጣል። ሥራነሽ ያን ጥያቄ እንደ ምልክት ታየው ጀመር እንጂ እንደ ትእዛዝ አላየችውም። «ሁሉም ትኩሳት ወባ አይደለም» ትል ነበር። ቆላ ወርዶ የሚመለስ ሰው ባለበት አገር፣ ይህ አነጋገር ለሁሉም ይገባል።

ቀስ በቀስ በሽታዎቹን ለየቻቸው። የበጋ አቧራ የማሽኑን ማንበቢያ ሲሸፍነው ሁሉም ፍሎፒ በአንድ ጊዜ እምቢ ይላል፤ ማንበቢያው በአልኮል ሲጠረግ ይመለሳል። የፍሎፒው የብረት መከለያ ሲጣመም ድምፁ ይሻክራል። አንዳንዱ ማሽን ደግሞ አቀማመጡ ተዛብቶ፣ ራሱ የጻፈውን ራሱ ብቻ ያነባል፤ የዚያን ማሽን ፍሎፒ ሌላ ማሽን ላይ ፎርማት አልተደረገም ይላል፣ ማሽኑ ሲጠገን ደግሞ የገዛ የቀድሞ ጽሑፉን መልሶ ማንበብ ያቅተዋል። የሬዲዮ ድምፅ ማጉያ አጠገብ ከርሞ በማግኔቱ የሞተም አለ። ሥራነሽ ጆሮዋን ወደ ማሽኑ ጠጋ አድርጋ ከድምፁ ትለይ ጀመር፤ የሚንቋቋውን፣ ሲጥ ሲጥ የሚለውን፣ ዝም ብሎ የሚዞረውን። ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ሰው ይልኩባት ጀመር። ከመንግሥት ሥራ ስትወጣም ደንበኞቿ አብረዋት ወጡ።

እንዲህ ሆኖ ዓመታት አለፉ። ፍሎፒ ቀረ፤ ፍላሽ መጣ፤ ከዚያም ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ማስቀመጥ ጀመረ። አሮጌዎቹ ማሽኖች ጨርቃቸውን ለብሰው የሚቆዩበት ጊዜ እየረዘመ ሄደ። ወለተ ኪዳን ሱቁ ደጃፍ ላይ የቆመችው እንዲህ ባለ ዘመን ነው።

ወለተ ኪዳን የመጣችው ቢቸና አጠገብ ካለችው ከዲማ ነው፤ የቅኔው መምህር የየኔታ ገዳሙ ልጅ። በጠዋት መጥታ ከበሩ አልፋ አልገባችም። የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ሰው እስኪወጣ ጠበቀች።

«እትዬ ሥራነሽ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። ግቢ፣ ለምን ትቆሚያለሽ?»

«የዩኒቨርሲቲው መምህር ፍሥሐ ልኮኝ ነው። ‹ይህ የኔ አቅም አይደለም፤ እሷ ጋ ሂጂ› ብሎኝ።»

ፍሥሐን ሥራነሽ ታውቀዋለች። ኮምፒውተር ያስተምራል፤ ተማሪዎቹንም አንዳንድ ጊዜ ይዞ እየመጣ አሮጌዎቹን ማሽኖች ያሳያቸዋል። እሷ የማታውቀውን ይነግራታል፣ እሱ የማያውቀውን ይጠይቃታል።

ወለተ ኪዳን ቆርቆሮውን ከፈተች። በንጹሕ ነጠላ ቁራጭ የተጠቀለሉ ፍሎፒዎች ነበሩ። ጥቁሮች፣ ላያቸው ላይ በቀይና በጥቁር ቀለም በሚያምር እጅ ጽሕፈት «ጉባኤ ቃና»፣ «መወድስ»፣ «ዘየኔታ ቢተው» የሚል የቅኔ መጠሪያ ተጽፎባቸዋል።

ነገሩን አስረዳች። አባቷ ዓይናቸው መድከም በጀመረ ጊዜ፣ ከመምህራቸው ከየኔታ ቢተው የሰሙትን ቅኔ ከነምሥጢሩ ለማስቀመጥ አሰቡ። ቅኔ ለበዓሉ ዕለት ተዘርፎ የሚያልፍ ነገር ነው፤ የሚጽፈው ጥቂት ነው። ያን ጊዜ ተማሪያቸው የነበረ ዲያቆን አማረ የሚባል ሰው፣ ቢቸና ከሚገኝ አንድ ቢሮ ጸሐፊ ሆኖ ተቀጥሮ ነበር። በየሰንበቱ ዲማ እየመጣ እሳቸው ሲነግሩት በወረቀት ይይዛል፤ ቢሮው ሲመለስ በኮምፒውተር ይመታል። ሊያትሙት ሲሉ የማተሚያው ቀለም አለቀ፤ ቀለሙ ሲመጣ ቢሮው ፈረሰ። ወረቀቱን ደግሞ ክረምት በላው። የቀሩት እነዚህ ብቻ ናቸው።

«አባቴ አሁን ጨርሶ አያይም» አለች ወለተ ኪዳን። «አእምሮው ግን ደኅና ነው። ተማሪዎቹ የየኔታ ቢተውን ቅኔ ሲጠይቁት የሚያስታውሰውን ይነግራቸዋል፤ ያላስታወሰውን ‹ዲያቆን አማረ ጋ አለ› ይላል።»

«ሌላ ቦታ አሳይተሻቸው ነበር?»

ልጅቱ አንገቷን ደፋች። «አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳይቼ ነበር። በገመድ የሚሰካ ማንበቢያ አለው። መጀመሪያ እጁ የገባውን ሲከት ‹ፎርማት አልተደረገም፤ ላድርግ?› አለው። ‹አሁን ይከፍታል› ብሎ እሺ አለው። ጨረሰና ከፈተ። ባዶ ነው። ሰውየው እኔን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ፤ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። እኔ የቀሩትን ሰብስቤ ወጣሁ።»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። በፎርማት የፈሰሰ ግን ሁልጊዜ አይለቀምም። ሥራነሽ ይህን አልተናገረችም። «የትኛው ነው?» ብላ ብቻ ያንን ፍሎፒ ለይታ አስቀመጠችው። ከዚያ የቀሩትን አንድ በአንድ አነሣችና በጥጋቸው ያለችውን ተንሸራታች መቆለፊያ ገፋች። ይህች መቆለፊያ ከተገፋች ፍሎፒው ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም፤ ማንም ተሳስቶ እሺ ቢል እንኳ ፎርማት ሊሆን አይችልም።

«አሁን እኔም ብሳሳት አላጠፋውም» አለቻት። «ተቀመጪ።»

የአሮጌውን ማሽን ጨርቅ ገፈፈች፣ አስነሣችው፣ «መወድስ» የሚለውን ከተተች። ማሽኑ ዞር ዞር አደረገውና ያንኑ ጥያቄ አመጣ። አይሆንም አለችው። ሌላውን ከተተች፤ ያው። ማንበቢያውን በአልኮል ጠርጋ ሞከረች፤ ያው። የሁለተኛውን ማሽን ጨርቅ ገፈፈች፤ እሱም ያው። ወለተ ኪዳን በእያንዳንዱ ጥያቄ ከንፈሯን ትነክሳለች።

ሥራነሽ ግን ፊቷ አልከፋም። ጆሮዋን ወደ ማሽኑ አስጠግታ ደግማ ሰማች።

«ስሚ እስቲ» አለቻት። «የታመመ ፍሎፒ ያቃስታል። ማሽኑ ደግሞ ለማንበብ ይታገላል፤ ይሄዳል፣ ይመለሳል። እነዚህ ግን ለስላሳ ናቸው። ማሽኑም አልታገለም፤ አንዴ አየና ‹የለም› አለ። ደግሞ ሁሉም አንድ ዓይነት ሕመም ሊታመሙ አይችሉም። ዲማ ከኖረ ፍሎፒ አንዱ ይሻግታል፣ አንዱ ይድናል። ሁሉም እኩል እምቢ ካሉ ነገሩ ሞት አይደለም፤ አለመግባባት ነው።»

«ከማን ጋር?»

«ከዚህ ማሽን ጋር። የተጻፉበት ማሽን ምን ዓይነት ነበር?»

ወለተ ኪዳን አታውቅም። የሚያውቀው አማረ ነው። አማረ አሁን መሪጌታ ሆኖ ደብረ ወርቅ ያስተምራል። ደወሉለት፤ ስልኩ አልያዘም። በማግሥቱም ደወሉ፤ ኔትዎርክ የለም። ሥራነሽ ሱቁን ለውበቱ አስረክባ ከወለተ ኪዳን ጋር ለመሄድ ተነሣች።

«ለፍሎፒ ብለሽ ደብረ ወርቅ?» አላት።

«ለፍሎፒ አይደለም፤ ለአንድ ጥያቄ ነው» አለችው። «ጥያቄውን ሳልጠይቅ ብነካካቸው እንደዚያ ሰውዬ ላጠፋቸው እችላለሁ።»

ውበቱ አልተከራከረም። ሚስቱን ያውቃታል። ለመንገድ ዳቦ ገዝቶ ሚኒባሱ ድረስ ሸኛቸው።

መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል፤ በዚያ ሰሞን ተከፍቶ ነበር። በቢቸና በኩል አልፈው ደብረ ወርቅ ሲደርሱ ቀኑ ገና ነው። መሪጌታ አማረን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ፣ ከዋርካ ሥር ተማሪዎቹን ቃል በቃል እያስከተለ ሲያስቀጽል አገኙት። ወለተ ኪዳንን አይቶ ተነሣ፤ ሰው ያረፈ መስሎት ፊቱ ተለወጠ።

«የኔታ?»

«ደኅና ነው፣ ደኅና ነው» አለችው ቶሎ። «ስለ ፍሎፒዎቹ ነው የመጣነው።»

አማረ ቁጭ አለ። ፍሎፒዎቹ እስከ ዛሬ ይኖራሉ ብሎ አላሰበም ነበር። ሥራነሽ ቆርቆሮውን ስትከፍትለት የገዛ እጅ ጽሕፈቱን አይቶ በጣቱ ዳሰሰው።

«መሪጌታ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ» አለች ሥራነሽ። «እነዚህ ፍሎፒዎች ከዚያ ቢሮ ማሽን ሌላ፣ የትም ተከፍተው ያውቃሉ?»

አማረ አሰበ። «አያውቁም። አንዴ ማርቆስ ይዣቸው መጥቼ ላሳትም ሞክሬ ነበር። እዚያ ያለው አዲስ ማሽን ‹ፎርማት አልተደረገም› አለኝ። ደንግጬ ይዤ ተመለስኩ። ቢሮ ስከተው ደኅና ተከፈተ። ግራ ገባኝና ተውኩት።»

«ፎርማት ያደረጋቸው ማነው?»

«እኔው ነኝ። እዚያው ማሽን ላይ።»

«ሲገዙ ነጋዴው ይይዛል ያለዎትን ያህል ይይዙ ነበር?»

መሪጌታ አማረ ሳቀ። «ይህን እንዴት አወቁ? ግማሹን ነው ይይዝ የነበረው። ነጋዴው አታለለኝ ብዬ ስንት ጊዜ አማሁት።»

ሥራነሽ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች፤ ምን እንደምታደርግ ሳታውቅ መልሳ ተቀመጠች። ከዚያ አንዱን ፍሎፒ አንሥታ በፀሐይ ብርሃን ላይ ያዘችው። በአንደኛው ጥግ መቆለፊያዋ አለች፤ በሌላው ጥግ ብርሃን የምታሳልፍ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለች።

«ነጋዴውን በከንቱ አምተውታል» አለች። «ይህችን ቀዳዳ ያዩዋታል? ፍሎፒው ረቂቅ ጽሑፍ፣ ማለትም ደቃቅና ጥቅጥቅ ያለ፣ መያዝ እንደሚችል የምትናገረው እሷ ናት። የቢሮው ማሽን አሮጌ ስለነበረ ቀዳዳዋን ማየት አይችልም። ረቂቅ መጻፍም አይችልም። ስለዚህ በረቂቁ ብራና ላይ ጉልህ አድርጎ ጻፈበት፤ ለዚህ ነው ግማሽ የያዘው። አዲሱ ማሽን ደግሞ ቀዳዳዋን ያያል። አይቶም ‹ይህ ረቂቅ ነው› ብሎ ረቂቅ ጽሑፍ ይፈልጋል። ሲያጣ ‹ምንም አልተጻፈበትም› ይላል።»

መሪጌታው ፍሎፒውን ተቀብሎ ቀዳዳዋን ትኩር ብሎ አያት። ቅኔ ለሚያስተምር ሰው ነገሩ እንግዳ አልነበረም፤ ያው ቃል ባንዱ መንገድ ሲሰሙት አንድ ነገር፣ በሌላው ሲሰሙት ሌላ ነገር ነው።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አለ።

«ቀዳዳዋን መድፈን።»

በዚያ ዕለት እንዲያድሩ ለመናቸው። እነሱ ግን ሚኒባስ አገኙና ተመለሱ።

በማግሥቱ ፍሥሐም ሰምቶ ሱቁ መጣ። ሥራነሽ ጥቁር ናስትሮ ቆረጠች፤ ያ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሽቦ የሚጠቀልሉበት ነው። የፍሎፒውን ቀዳዳ በሁለቱም በኩል ደፈነች፣ ጠርዙ እንዳይነሣና ማሽኑ ውስጥ እንዳይላጥ በጥፍሯ ደጋግማ ፈገፈገችው። ከዚያ ከተተች።

ማሽኑ ዞረ። ጥያቄው አልመጣም። በሰማያዊው ገጽ ላይ የጽሑፎቹ ስሞች ከላይ ወደ ታች ተዘረዘሩ፤ አማረ በእንግሊዝኛ ፊደል የሰየማቸው፣ አንዱ የጥምቀት፣ አንዱ የደብረ ታቦር፣ አንዱ የልደት።

ወለተ ኪዳን ስሞቹን እያየች ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች።  ፍሥሐ «ይህን መጽሐፍ ላይ አንብቤዋለሁ፤ ሲሆን ግን አላየሁም ነበር» አለ።

ሥራው ግን ገና ነበር። ጽሑፉ ሲከፈት በዛሬው ኮምፒውተር ላይ የሚታየው የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ጥርቅም ነው። አማረ የጻፈው ዛሬ ማንም በማይጠቀምበት የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ነበር። ያ መጻፊያ ሥራነሽ አሮጌ ማሽን ላይ አለ፤ ስታዘምነውም ስታጸዳውም ሳታጠፋው ኖራለች። በዚያ ስትከፍተው ፊደሉ ተስተካክሎ ወጣ። ወደ ዛሬው ፊደል የሚቀይረውን ሥራ ፍሥሐ ወሰደ፤ ከተማሪዎቹ ጋር ተካፍለው ግራ የገባቸውን ቃል እያመለከቱ ሠሩት። መብራት ሲጠፋ ያቆማሉ፣ ሲመጣ ይቀጥላሉ።

ከፍሎፒዎቹ አንዱ መሐሉ ላይ ሻግቶ ነበር። ሥራነሽ የብረት መከለያውን ገፍታ በስሱ ጥጥና አልኮል አንድ ጎኑን፣ አዙራ ሌላውን ጠረገችው፤ ሲደርቅ አነበበችው፤ ማሽኑ ሲያቃስት አወጣችውና ማንበቢያውን ጠርጋ እንደገና ከተተችው። ግማሹ ዳነ። የቀረው አልተመለሰም።

ፎርማት የተደረገውን ለመጨረሻ አስቀምጣው ነበር። ቀዳዳውን ደፍና ሞከረችው፣ ገልጣ ሞከረችው፣ ፍሥሐ ያመጣውን የጠፋ ጽሑፍ የሚፈልግ ፕሮግራም አስኬደችበት። ማሳው ዳር እስከ ዳር ታርሷል። ወለተ ኪዳንን ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠቻት።

«ይህኛው የለም» አለቻት። «ወደፊት ይገኝ ይሆናል ብዬ ላታልልሽ አልፈልግም። የለም።»

«‹ዘየኔታ ቢተው› የሚለው ነበር» አለች ልጅቱ።

«አውቃለሁ።»

 ሥራነሽን ከሥራዋ ሁሉ የሚከብዳት ይህን መናገር ነው፤ ግን ያልዳነውን ዳነ ብላ አታውቅም። ደንበኞቿ የሚያምኗትም ለዚህ ነው።

ጽሑፉ ታትሞ ሲያልቅ ዲማ ይዘውት ሄዱ። ሥራነሽ መሄድ አላሰበችም ነበር፤ የኔታ ገዳሙ ግን «ያነበበችው ሴት ትምጣ» ብለው ላኩባት። ከቢቸና በእግር ሄዱ። ከተማሪዎቹ ጎጆ አጠገብ፣ በጉባኤው ቦታ፣ የኔታ አጎዛ ላይ ተቀምጠው ጠበቋቸው። መሪጌታ አማረም ከደብረ ወርቅ መጥቶ ነበር። ማንበቡ ለእሱ ተሰጠ።

ገና ሁለተኛውን ቅኔ ሲጀምር የኔታ እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ። ይህ ቃል የየኔታ ቢተው አይደለም።»

አማረ ወረቀቱን አየ፤ አፈረ። «የኔ የፊደል ስሕተት ነው፣ የኔታ።»

«ያን ጊዜም አንድ ፊደል ትገድፍ ነበር» አሉት። ጉባኤው ሳቀ፤ አማረም ሳቀ። ከዚያ በኋላ ጸጥ ብለው ሰሙ። አንዳንዱ ጋ ከንፈራቸው ከአንባቢው ጋር ይንቀሳቀሳል። አንዳንዱን ደግሞ ረስተውት ኖረው እንደ አዲስ ሲሰሙት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ «እንዲህ ብለው ነበር ለካ» ይላሉ።

ስለጠፋው ፍሎፒ ወለተ ኪዳን ነገረቻቸው። 

«ቅኔ ለዕለቱ ነው» አሉ የኔታ። «የኔታ ቢተውም ይጻፍልኝ አላሉም። እኔ ነኝ የሳሳሁ።» ጥቂት ቆዩና ከጠፋው ውስጥ አንዱን ጉባኤ ቃና ከልባቸው አወጡ። ተማሪዎቹ ቶሎ ያዙት። ሌላም ሞከሩ፤ መጀመሪያው መጣ፣ መጨረሻው ግን ቤት አልደፋ አላቸው። ተዉት።

ከዚያ ወደ ሥራነሽ ዞሩ። ነገሩ እንዴት እንደዳነ ከልጃቸው ሰምተው ነበር። ሊያመሰግኗት ቅኔ አወጡ፤ በግእዝ አልሰጧትም፤ እንዲገባት በአማርኛ ሰጧት፤

ቀዳዳ ሲደፈን ውሃ ይቆም ነበር፤
ሥራነሽ ብትደፍን ተቀዳ ያ ምሥጢር።

ተማሪዎቹ አደነቁ። ውሃም ይቀዳል፣ ጽሑፍም ከፍሎፒ ወደ ሌላ ይቀዳል። ሥራነሽ ከተቀመጠችበት ተነሥታ ጉልበታቸውን ሳመች።

ከመሄዷ በፊት አንድ ነገር አለች። ጽሑፉን በፍላሽም በስልክም ገልብጠው ለተማሪዎቹ ሰጥተዋቸው ነበር።

«የኔታ፣ ፍሎፒ ለዘላለም ነው ብለው የሸጡልን ሰዎች ነበሩ። ዛሬ ደግሞ ፍላሽ ነው የሚሉን። እሱም ቀኑ ሲደርስ የሚያነበው ማሽን ያጣል። ብራና የሚጽፍ ካለ በብራናም ይጻፍ።»

የኔታ ገዳሙ ፈገግ አሉ። «ብራናንም አይጥ ይበላዋል፣ ልጄ። ግን እሺ።» እዚያው ጽሕፈቱ የሚያምር ተማሪ ጠርተው አዘዙት። የቀሩትን ደግሞ እያንዳንዳቸው አንዳንድ ቅኔ በቃል እንዲይዙ አካፈሏቸው።

ወለተ ኪዳን እስከ ቢቸና መንገድ ሸኘቻት። በመንገድ ላይ ከደብረ ወርቅ ሌላ መምህር፣ ከአንድ ገዳም ደግሞ አንድ መነኩሴ ፍሎፒ እንዳላቸው አማረ እንደነገራት አወራቻት። ሥራነሽ ሰማች፤ ማን ፎርማት እንዳደረጋቸው፣ በምን ማሽን እንደተጻፉ፣ ከሚቀመጡበት አጠገብ ሬዲዮ እንዳለ ጠየቀቻት። ልጅቱ ያወቀችውን መለሰች፤ ያላወቀችውን ጠይቃ ልትደውልላት ቃል ገባች። ሚኒባሱ ሊሞላ ጥቂት ሰው ቀርቶት ነበር። ሥራነሽ ከመስኮቱ ጥግ ተቀመጠች፤ ማርቆስ ስትደርስ ውበቱ ከሱቁ በር ላይ ቆሞ፣ ፍሎፒ የያዙ አንድ ሽማግሌ ከጧት ጀምረው ሲጠብቋት እንደዋሉ ነገራት።